የሕፃናት የእግር ኳስ ትምህርት ከፊደሉ ይጀመር ዘንድ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የግብጽን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ድል ነሥቶ የአፍሪካን ዋንጫ መውሰዱ ለሁሉ የታወቀ ነው። ልክ በ51ኛው ዓመት፥ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ 31 ዓመት ተለይታው ወደ ኖረችው ወደዚሁ ውድድር ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋራ ተጋጠመች፤ አንድ ተጫዋች ከሜዳ ወጥቶባት በ10 ሰው ቀርታ ሳለ 1 ለ 1 ተለያየች። የቀኑ መግጠም እንዲያው አጋጣሚ ነው። ሊታሰብበት የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያ ቡድን ኳስን ከሰው ወደ ሰው በአጭሩ እየተቀባበለ መጫወቱ ቢያስመሰግነውም፥ በቀጠሉት ሁለት ግጥሚያዎች በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገውም ውድድር ከሦስት ግጥሚያ ያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በ2016ና በ2018 ዓ.ም. በተደረጉት ግን ማጣሪያውን ማለፍ ስላልቻለ ከነጭራሹ አልተገኘም።

ሽንፈት በመጣ ቁጥር ምክንያት ይፈለግለታል። አንዱ የሜዳ ጕድለት ነው ይላል፤ ሁለተኛው የገንዘብ ማነስን ያነሣል፤ ሦስተኛው አሠልጣኙን ይወቅሳል። እነዚህም ሰዎች በከንቱ የሚናገሩ አይደሉም። ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ የተፈቀደ ስታዲየም በመታጣቱ ቡድኑ ባገሩ ሊያደርገው የሚገባውን ግጥሚያ በሰው አገር ሲያደርግ እንደ ነበር ይታወቃል፤ በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈውም በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበረ፤ ያገሩ ሰው ግን በዓይኑ ሊያየው አልቻለም። ስለዚህ ስታዲየም ይሠራ መባሉ ተገቢ ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ጉባኤ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜም መንግሥት የአፍሪካን ዋንጫ ለማዘጋጀት ያለውን ፈቃድ ገልጧል። ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ስታዲየም በሲሚንቶና በብረት በጥቂት ዓመት ይቆማል፤ ተጫዋች ግን ከ10 ዓመት በፊት የተጀመረ መሆን አለበት። ለ60 ሺህ ሰው መቀመጫ ሲታሰብ በሜዳው መካከል የሚቆሙት 11 ሰዎች ከወዴት እንደሚመጡ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ውድድሩ ቢቀርብም ቢርቅም፥ ያን ጊዜ የሚሰለፉት ወጣቶች ዛሬ በየሰፈሩ አቧራ ላይ የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩ ሕፃናት ናቸው።

ለመሆኑ እነዚህ ሕፃናት የሚማሩት ምንድን ነው? እግር ኳስም እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ የራሱ ፊደል አለው። የመጣውን ኳስ በመጀመሪያው ንክኪ አብርዶ ወደሚፈልጉት ወገን ማስቀመጥ፤ በቀኝም በግራም እግር ለወዳጅ በልክ ማቀበል፤ ኳሱን እየገፉ ባላጋራን ማለፍ፤ ጀርባ ሰጥተው ሳሉ ዞር ማለት፤ ይልቁንም ኳሱ ከመድረሱ በፊት አንገትን ቀና አድርጎ ግራና ቀኝን ማየት ነው። ቍጥሩ ይህን ያህል ነው፤ ብዙ አይደለም። ነገር ግን የሚቀረው የጨዋታ ጥበብ ሁሉ በእነዚህ ላይ የሚታነጽ ነው። በትልቅ ግጥሚያ ኳስ የደረሰው ሰው ባላጋራው እስኪደርስበት ድረስ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ኳሱ ከእግሩ ሁለት ክንድ ቢርቅ ተነጠቀ ማለት ነው፤ ሊያስመልሰውም መሮጥ ይኖርበታል። ተመልካቹ ይህን ባየ ጊዜ ‹‹ጕልበት አነሰው፤ እስትንፋስ አጠረው›› ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው አንድ ጊዜ ሊሮጥ የሚገባውን ሁለት ጊዜ የሮጠው ኳሱ በመጀመሪያው ንክኪ ስለ ራቀው ነው። ድካሙ ከሳንባው ሳይሆን ከእግሩ ጫፍ ተነሣ። ይህን ደግሞ የ24 ዓመት ሰው ከብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ዘንድ ሊማረው አይችልም። አሠልጣኙ ከግጥሚያ በፊት ተጫዋቾቹን የሚያገኛቸው ለጥቂት ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ አሰላለፍን ሊያስረዳ ይችላል እንጂ ፊደል ሊያስቈጥር አይችልም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በንባብ ቤት ሕፃኑ በገበታው ላይ ሀ ሁ ሂ እያለ ይጀምራል። የሕፃን ጆሮ ፈጣን ነውና ጥቂት ቀን እንደ ቈየ ቃሉን እንደ ዜማ ይይዘዋል፤ ዓይኑን ወደ ደጅ እየወረወረ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያወርደዋል። ይህን የሰማ እንግዳ ሰው ልጁ ፊደል ለየ ብሎ ያመሰግን ይሆናል፤ የኔታ ግን አይታለሉም። ወዲያው አቡጊዳን ያመጡበታል። በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ስለሚለዋወጥ በዜማ የያዘው አያድነውም፤ የለየውና ያልለየው የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወንጌል፥ ከዚያም ዳዊት ይከተላል፤ ንባቡም በቍጥር፥ በግእዝ፥ በውርድ እያለ ይሄዳል። አንዱን ሳያደርስ ወደ ሌላው የሚሻገር የለም። ጓደኛው ዳዊት ስለ ደገመ እርሱም አብሮ ዳዊት ይያዝ የሚል መምህርም አይገኝም። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይሰማል፤ የተሳሳተውም በዚያው ቦታ ይመለሳል።

የእግር ኳስ ትምህርትም ሁለቱን ይሻል። አንድን ንክኪ መቶ ጊዜ መደጋገም እንደ ሀ ሁ ነው፤ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ልጅ በቆመ ምሰሶ መካከል ኳስ እየገፋ ሲመላለስ ቢውል፥ ምሰሶው ተንቀሳቅሶ እግሩን ሲዘረጋበት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ስለዚህ በጠባብ ቦታ አራት ለአራት ሆኖ መጫወት አቡጊዳው ነው። በዚያ የተራው መለዋወጥ አለ፤ ባላጋራ አለ፤ ማሰብም አለ። አንዳንድ አሠልጣኞች መደጋገሙን ብቻ፥ አንዳንዶችም ጨዋታውን ብቻ ይዘው ስለ ሁለቱ ሲከራከሩ ይሰማል፤ የንባብ ቤት ሥርዓት ግን ክርክሩን ከብዙ ዘመን በፊት የፈጸመው ይመስላል።

አሁን በየከተማው ‹‹ፕሮጀክት›› እየተባለ የሚጠራውን የታዳጊዎች ሥልጠና የተመለከተ ሰው የሚያገኘው ከዚህ የተለየ ነው። ጥቂት ኳስ ለብዙ ልጅ ይሰጣል፤ ልጆቹ ሰልፍ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ከዚያም 11 ለ 11 ሆነው በትልቁ ሜዳ ይሰለፋሉ። አሠልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱንም በራሱ ጥረት ያገኘ ነው። ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው ስንት ዋንጫ አገኘህ ተብሎ ነው፤ የበላዩ ሹም ደግሞ ለበላዩ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ዋንጫ የሚጠየቅ ሰው ዋንጫ የሚያመጣለትን መንገድ ይመርጣል። በ13 ዓመት ልጆች ግጥሚያ ደግሞ ዋንጫ የሚያመጣው ጥበብ ሳይሆን ቁመት ነው፤ ረጅሙንና ፈጣኑን ልጅ ከፊት አቁሞ ኳሱን ከኋላ ወደ እርሱ መለጋት ይበቃል። አጭሩና ብልሁ ልጅ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ በኋላም አይመለስም። ረጅሙ ልጅ እስከ 17 ዓመቱ ያሸንፋል፤ በ18 ዓመቱ ግን ሌሎቹ ቁመቱን ይደርሱበታል፤ ያን ጊዜ በእጁ ያለው ምን እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ የተማረው ነገር የለም። ሁለቱም ልጆች ጠፉ ማለት ነው።

ከዚሁ ምንጭ የሚወጣ ሌላ የከፋ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕድሜን መቀነስ ነው። በልጆች ውድድር ጐልማሳ ማሰለፍ በአፍሪካ ብዙ አገሮች የታየ በሽታ ስለ ሆነ፥ ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት ማስመርመር ጀምሯል። ስለ ሐሰቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ጉዳቱ ግን በቂ አልተነገረም። የ20 ዓመት ወጣት የ16 ዓመት ነኝ ብሎ ሲሰለፍ አንድ ዋንጫ ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የእውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ቦታ ተወስዷል። ወጣቱም ራሱ አይጠቀምም፤ በወረቀት ገና ነው ሲባል በአካሉ ያልፍበታል።

የሌሎችን አገሮች ሥራ መመልከት ይጠቅማል፤ ይልቁንም የአፍሪካን። በኮት ዲቯር ዋና የወደብ ከተማ በአቢጃን ያለው አሴክ ሚሞዛ የተባለው ክለብ በ1986 ዓ.ም. ገደማ ዣን ማርክ ጊዩ በሚባለው ፈረንሳዊ መሪነት የልጆች ተማሪ ቤት አቆመ። በዚያ ሥርዓት ልጁ ሲገባ ጫማ አይሰጠውም፤ በባዶ እግሩ ይማራል። ኳሱን መሬት ሳያስነካ በእግሩ፥ በጕልበቱና በራሱ እያነሣ የሚፈተንበት ፈተና ተወስኗል፤ ጫማ የሚያገኘው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ነው። ባዶ እግር የመሆኑ ምክንያት ድህነት አይደለም፤ ኳሱ በየት በኩል እንደ ነካው እግሩ እንዲያውቅ፥ በጕልበት መምታትም እንዳይቀናው ነው። ከዚሁም ጋራ ልጆቹ ንባብና ጽሕፈት ይማሩ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ክለቡ ታላላቆቹን ተጫዋቾች ለሌሎች ለቆ፥ የአፍሪካ ሱፐር ካፕ ለሚባለው ግጥሚያ ከተማሪ ቤቱ የወጡትን ልጆች አሰለፈ። የቱኒዚያው ኤስፔራንስ ልምድ ያላቸው ጐልማሶች የተሰበሰቡበት ቡድን ነበር። ልጆቹ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 1 አሸነፉ። ከዚያ ተማሪ ቤት ኮሎ ቱሬና ወንድሙ ያያ ቱሬ፥ ዲዲየ ዞኮራ፥ ጀርቪኞ፥ ሳሎሞን ካሉና ሌሎችም ወጥተው በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ተጫወቱ፤ አገራቸውም በ1998 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ ሄደች። ይሁን እንጂ የዚህ ታሪክ አስተማሪነት ከዚህም ይልቅ በመዘግየቱ ነው። ይህ ትውልድ በ1998ና በ2004 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሁለት ጊዜ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ዋንጫው የተገኘው በየካቲት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ከጋና ጋራ በተደረገው ግጥሚያ ነው፤ የመጨረሻውንም ምት መትቶ ያስቈጠረው ግብ ጠባቂው ቡባካር ባሪ ከዚያው ተማሪ ቤት የወጣ ነበር። ከጅማሬው እስከ ዋንጫው 21 ዓመት ሆነ ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት የሚጠይቅ ሹም ቢኖር ኖሮ ተማሪ ቤቱ በሦስተኛው ዓመት በተዘጋ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሩቅ ሰሜን ነው። አይስላንድ የሕዝቧ ቍጥር ከ350 ሺህ የማይበልጥ በነበረ ጊዜ፥ በሰኔ ወር 2008 ዓ.ም. እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ከአውሮፓ ዋንጫ አስወጣች፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለዓለም ዋንጫ ከደረሱት አገሮች ሁሉ በሕዝብ ቍጥር ያነሰችው ሆነች። ክረምቷ የከፋ ስለ ሆነ ጣራ ያላቸው ሜዳዎች መሥራቷ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ከጣራው ይልቅ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ ገና የ6ና የ7 ዓመት ሕፃናትን የሚያስተምሩት የልጆች አባቶች ወይም ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ሳይሆኑ፥ ትምህርቱን ጨርሰው የምስክር ወረቀት የያዙ ደመወዝተኞች አሠልጣኞች ናቸው። በብዙ አገር የተማረው አሠልጣኝ ወደ ዋናው ቡድን ይወጣል፤ ገና የሚማረው ሕፃናቱን ይጠብቃል። በንባብ ቤትም ፊደል የሚያስቈጥረው ብዙ ጊዜ ታላቁ ተማሪ መሆኑ እሙን ነው፤ ነገር ግን የኔታ በአጠገቡ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ስሕተቱም ሥር ሳይሰድ ይታረማል። በሕፃናቱ ሜዳ አጠገብ የተቀመጠ ሊቅ አለን ብሎ መጠየቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚቀርብ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ አለ። የ1954ቱ ጀግኖች ማን አስተማራቸው? መንግሥቱ ወርቁን የመሰለ ተጫዋች ከየትኛው አካዳሚ ወጣ? በጨርቅ ኳስ፥ በሰፈር ሜዳ፥ ማንም ሳያስተምራቸው የተማሩ ናቸው የሚል ነው። ይህ መቃወሚያ እውነትነት አለው፤ ግን የሚያጠናክረው ይህንኑ አሳብ ነው። ልጅ ከተማሪ ቤት ተመልሶ እስኪመሽ ድረስ በጠባብ መንገድ ላይ አምስት ለአምስት ሲጫወት፥ በሰፈር ቋንቋ ‹‹አብዶ›› የሚባለውን ማለፍ ሲሞክር፥ ሳያውቀው ሀ ሁውንም አቡጊዳውንም ይማር ነበር። መምህሩ ሜዳው ራሱ ነበረ። ዛሬ ግን በአዲስ አበባና በታላላቆቹ ከተሞች ያ ባዶ ቦታ በቤትና በመንገድ ተይዟል፤ የቀረው ሰፊ ሜዳ እንደ ጃንሜዳ ያለው ጥቂት ነው። መምህሩ ሜዳ ከጠፋ በምትኩ ሰው መምህር ማቆም ግድ ይሆናል፤ አለዚያም ሜዳውን መመለስ ነው።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። አንድ ሙሉ ሜዳ ርዝመቱ 105፥ ወርዱ 68 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ላይ 22 ልጆች አንድ ኳስ ይዘው አንድ ሰዓት ቢጫወቱ፥ ኳሱ አንድም ጊዜ ከሜዳ ሳይወጣ በእኩል ቢካፈሉት እንኳ ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ይኸው ሜዳ ርዝመታቸው 30፥ ወርዳቸው 20 ሜትር ለሆኑ ትናንሽ ሜዳዎች ቢከፈል፥ በመካከላቸው መተላለፊያ ተትቶም 8 ሜዳ ይወጣዋል፤ በእያንዳንዱ አራት ለአራት ቢጫወቱ 64 ልጆች በአንድ ጊዜ ይማራሉ፤ ለአንዱ ልጅ የሚደርሰውም ሰባት ደቂቃ ተኩል ይሆናል። የሚጨመረው ሰባት ኳስና ጥቂት ኖራ ነው። ሣርም ቢሆን የግድ አይደለም፤ የአቢጃን ልጆች የተማሩት በባዶ እግር ነው። የተደለደለና ድንጋዩ የተለቀመ መሬት ይበቃል፤ ይህንም የወረዳ ጽሕፈት ቤት፥ ተማሪ ቤት፥ ሰፊ ግቢ ያለው ደብርም ሊያገኘው የሚችል ነው። ለሴቶች ልጆችም እንደዚሁ ነው፤ እንዲያውም እነርሱ በሰፈር የመጫወት ዕድል ከወንዶቹ ያነሰ ስለ ሆነ የተዘጋጀ ቦታና አስተማሪ የሚያስፈልጋቸው ይበልጡን ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የመለኪያው መለወጥ ነው። ከ13 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ዋንጫና የነጥብ ሰንጠረዥ ቀርቶ፥ አሠልጣኙ የሚመዘንበት ልጆቹ በሁለቱም እግራቸው ኳስ ሲያበርዱና ሲያቀብሉ፥ ቀና ብለው ሲያዩ በዓይን ታይቶ ቢሆን፥ ሐምሌ በጀት በተያዘ ጊዜ የሚሞላው ቅጽ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህን የሚፈርድ ሰው ከክለቡ ውጭ የሆነና ሥራውን የሚያውቅ መሆን ይኖርበታል። አሠልጣኞችም በቅድሚያ ይቃወሙት ይሆናል፤ ዋንጫ ለሁሉ ይታያል፤ የመጀመሪያ ንክኪ ግን ለሚያውቅ ብቻ የሚታይ ነውና።

ስለ ዕድሜው ነገር ደግሞ አሁን ከዚህ በፊት ያልነበረ ዕድል ተገኝቷል። በመላው አገር የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሕግ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው በወላጆቹ ቃል፥ ወይም ክርስትና በተነሣበት ደብር መዝገብ ነበረ፤ ቃል ይረሳል፤ መዝገብም በየስፍራው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ግን በጊዜው ከተመዘገበ ዕድሜውን ለማሳነስም ለማብዛትም መንገድ የለም። ምዝገባው ገና በየገጠሩ በሙሉ አልደረሰም፤ ስለዚህ የቀበሌ ሹሞች በጊዜው መመዝገባቸው፥ ካህናትም ክርስትና ያነሡትን ሕፃን ወላጆች ወደ ምዝገባው እንዲሄዱ ማሳሰባቸው፥ በደብሩ መዝገብ የጻፉትንም ቀን ማንም ቢለምናቸው አለመለወጣቸው ለእግር ኳሱም ሥራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ሕፃናት በ2018 ዓ.ም. 10 ዓመት ይሞላቸዋል፤ ፊደሉ የሚያዝበት ዕድሜ ይኸው ነው፤ በ2026 ዓ.ም. ደግሞ 18 ዓመት ይሆናቸዋል።